ቀርቀሃ ሰንጣቂው መቼ ይሄዳል?

በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ ጥርባ አካባቢ ቀርቀሃ የሚሰነጠቀው በካራ ነው። ባለሙያው ከጓሮው የቆረጠውን እርጥብ ግንድ በጭኑና በክንዱ መሐል አጥብቆ ይይዝና የካራውን ስለት ወፍራሙ ጫፍ ላይ ያሳርፋል። በእንጨት ቁራጭ አንዴ ሁለቴ መታ ሲያደርገው ግንዱ ይከፈታል፤ ስንጥቁም እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ያለ ብዙ ድካም ይሄዳል። አንጓው ጋ ሲደርስ ይቆማል። የእጅ ሙያው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በጉልበት ልለፈው ያለ ሰው ስንጥቁን ወደ አንድ ወገን ያስኬደውና ግማሹ ቀጭን፣ ግማሹ ወፍራም ሆኖ ይወጣል። የለመደ እጅ ግን ካራውን ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ በሌላው እጁ ወፍራሙን ወገን እየተጫነ፣ ስንጥቁን ወደ መሐል መልሶ አንጓውን ያሳልፈዋል። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። ከዚያ ውስጠኛው ለስላሳ ክፍል ተልጦ ይጣላል። አረንጓዴ ቆዳ ያለው ጠንካራው ክፍል ለቅርጫት፣ ለኮርኒስ ምንጣፍ፣ ለወንበር ጀርባ ይቀራል።

ጥቂት ግንዶች እንዲህ ተሰንጥቀው፣ ተልጠው፣ ውፍረታቸው ተስተካክሎ እስኪያልቁ ረፋዱ ይገባደዳል። የቀርቀሃ ጠርዝ እንደ ካራው ሁሉ ስለታም ስለሆነ የሰንጣቂዎች ግራ እጅ ጠባሳ አያጣውም።

ከዚህ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ የምሥራቅ ቻይና ባሕር በሚያዋስናት በዠጂያንግ ግዛት፣ ይኸው ሥራ በአንድ ግፊት ያልቃል። መሣሪያው ክብ ብረት ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንጎች የተሰካኩ ምላጮች አሉት፤ በግራና በቀኝ ደግሞ መያዣ። የግንዱን ጫፍ ለብረቱ አስተካክሎ መግፋት ነው። በዚያኛው ወገን ስድስት፣ ስምንት ወይም አሥር እኩል ስንጣቂ ይወጣል። ሞተር አያስፈልገውም፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። መኪና የሚጠግን ጋራዥ ያለበት ከተማ ሁሉ፣ እንጅባራም ዳንግላም፣ በብየዳ ሊሠራው ይችላል።

ጥርባ ያገኘኋቸውን አንድ አንጋፋ ሰንጣቂ ስለዚህ ብረት ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ይህን ዕቃ አይተውት ያውቃሉ?»

«ሥዕሉን አሳይተውናል» አሉኝ፤ «በእጃችን ግን አልያዝነውም።»

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ መልስ ነው። ኢትዮጵያውያን የቀርቀሃን ነገር ለማየት ወደ ቻይና የባሕር ዳርቻ ግዛቶች በቡድን መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል። የደን ባለሙያዎች፣ ተመራማሪዎች፣ የመንግሥት ኃላፊዎች በዠጂያንግ ባለችው በሃንግዡ ከተማ ሠልጥነዋል፤ በአጠገቧ ያሉትን የአንጂ ወረዳ የቀርቀሃ ተራሮች ተዘዋውረው አይተዋል፤ የምስክር ወረቀትም ይዘው ተመልሰዋል። ካራውን የያዘው እጅ ግን እስካሁን ድረስ ያንን ብረት አልነካውም።

ቀርቀሃ ያለው ማን ነው?

ኢትዮጵያ ሁለት የአገር በቀል የቀርቀሃ ዝርያዎች አሏት። አንደኛው የደጋ ቀርቀሃ ነው፤ ውስጡ ክፍት፣ ቁመቱ ከጎጆ ጣሪያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ። ሁለተኛው የቆላው ነው፤ አጠር ያለ፣ ውስጡም አብዛኛውን ጊዜ ድፍን። አዊ የሁለቱ መገናኛ ላይ የተቀመጠ አገር ነው። የባንጃ፣ የአንከሻና የፋግታ ለኮማ ወረዳዎች ገበሬዎች የደጋውን በየጓሯቸው ሲያለሙ፣ ወደ ምዕራብ ወርዶ መተከል ሲገባ የቆላው ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ የቀርቀሃ ሽፋን አንድ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው ሲባል ኖሯል። ዓለም አቀፉ የቀርቀሃና ራታን ድርጅት፣ በተለምዶ ኢንባር የሚባለው፣ በሳተላይት ምስል ባስጠናው ጥናት ደግሞ ቁጥሩ ወደ 1.47 ሚሊዮን ሄክታር ከፍ ብሏል። በአፍሪካ የቀርቀሃ ሀብት ስማቸው ቀድሞ ከሚነሣ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

በአዊ ደጋ ቀርቀሃ እንደ ጫካ ብቻ አይታይም። የቤት ንብረት ነው። አባት ለልጁ ሲያወርስ ከመሬቱ ጋር የቀርቀሃውን ጓሮ ይቆጥርለታል። አጥሩ ቀርቀሃ ነው፤ የጣሪያው ማገር ቀርቀሃ ነው፤ የንብ ቀፎው፣ የእህል ጎተራው፣ መሰላሉ ቀርቀሃ ነው። ገንዘብ ሲያስፈልግ ይቆረጥና ወደ ገበያ ይወጣል። በእንጅባራ በኩል አዲስ አበባንና ባሕር ዳርን በሚያገናኘው አስፋልት የተጓዘ ሰው በመንገድ ዳር የተደረደሩትን የቀርቀሃ ወንበሮች ሳያይ አያልፍም።

ቻይና ከ6 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ቀርቀሃ አላት። ከእኛ ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። የምታገኘው ገቢ ግን በአራት እጥፍ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የቀርቀሃ ኢንዱስትሪዋ ዓመታዊ ምርት ከ300 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ደርሶ ነበር። በመሬት ስፋትና በገቢ መሐል ያለው ይህ ሰፊ ልዩነት ከየት መጣ? ወደ ዠጂያንግ የሚሄድ ቡድን ሁሉ ይዞት መሄድ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በባሕሩ ዳርቻ ምን አለ?

ከአዲስ አበባ ሻንጋይ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከሻንጋይ ሃንግዡ ደግሞ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከ2,500 ሜትር ከፍታ ከእንጅባራ ብርድ የተነሣ ሰው ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ወደማይል ሜዳ ይወርዳል። ሃንግዡ የቺያንታንግ ወንዝ ወደ ባሕሩ ከሚገባበት ሰፊ አፍ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል የኒንግቦ ዦውሻን ወደብ አለ፤ በሚያስተናግደው ጭነት ክብደት ከዓለም ወደቦች ሁሉ ግንባር ቀደሙ ነው። በምዕራብ በኩል አንጂ የሚባለው ወረዳ ከነተራሮቹ ይጀምራል። ሃንግዡ ራሷ የቻይና ብሔራዊ የቀርቀሃ ምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት። ከታዳጊ አገሮች የሚሄዱት ሠልጣኞች ብዙዎቹ የሚማሩት እዚያው ነው።

አንጂ በፊልም የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአንግ ሊ ፊልም ተፋላሚዎቹ በቀርቀሃ ጫፍ ላይ ሲንሳፈፉ ያሳየው በዚሁ ወረዳ ጫካ ነው። ለአዊ ሰው ግን ከፊልሙ ይልቅ ወደ ጫካው ገባ ብሎ ግንዶቹን መመልከት ይበጀዋል። ግንዶቹ ላይ ጽሑፍ አለ። ገበሬው በእያንዳንዱ አዲስ ግንድ ላይ የበቀለበትን ዓመት፣ አንዳንዴም የባለቤቱን ስም ይጽፍበታል። በመቁረጫው ወቅት የትኛው ሦስት ዓመት እንደሞላው፣ የትኛው አምስት እንዳለፈው መገመት አያስፈልግም፤ ይነበባል።

ይህ ቀላል የሚመስል ነገር የቀርቀሃ ልማት ግማሹ ነው። ቀርቀሃ ከዛፍ የሚለየው ግንዱ ከመሬት ሲወጣ ይዞት የወጣውን ውፍረት ለዕድሜ ልኩ ይዞ መኖሩ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ አይረዝምም፣ አይወፍርም። የሚለወጠው ውስጡ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ውኃና ስኳር የሞላበት ለስላሳ ነው፤ እየቆየ ይጠነክራል። ሦስት ዓመት ሳይሞላው የተቆረጠ ግንድ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ይወደዋል። ለቅርጫት የሚፈለገው ለጋው ነው፤ በቀላሉ ይታጠፋልና። ለወንበር እግር፣ ለቤት ምሰሶ ግን የጠናው ያስፈልጋል። ለጋው ለወንበር ከዋለ ገዢው በዓመቱ ከወንበሩ ሥር የሚረግፈውን ዱቄት ያይና ሁለተኛ አይመለስም።

የእኛ አርሶ አደር ዕድሜውን በዓይኑ ይለየዋል፤ በቆዳው ቀለም፣ በአንጓው ላይ በቀረው ገለፈት፣ በተጣበቀበት ሽበት። ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ነገር ግን ከጓሮው ዳር ያለው ለመቁረጥ ስለሚቀል ዳር ዳሩ እየተቆረጠ፣ መሐሉ ላይ ያረጀው እየተጨናነቀ አዲሱን ቡቃያ መውጫ ያሳጣዋል። የዠጂያንግ ገበሬ ከመሐል እየመረጠ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ዓመቱን ግንዱ ላይ መጻፊያ ቀለምና ብሩሽ ወደ አዊ ለማምጣት ደግሞ የውጭ ምንዛሬ አያስፈልግም።

ከጫካው ወደ መንደር ሲወረድ ሌላው ትምህርት ይገኛል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በአንጂ አንድ ግንድ ሙሉውን ለአንድ ሥራ አይውልም። ወፍራሙ የታችኛው ክፍል ወደ ወለል ንጣፍና ጣውላ ይሄዳል፤ መካከለኛው ለመጋረጃና ለምንጣፍ፤ ቀጭኑ ጫፍ ለመጥረጊያ። ፍቅፋቂው ወደ ከሰልና ወደ ማገዶ ይለወጣል። ከቅጠሉ ንጥረ ነገር ያወጣሉ። ቡቃያው ምግብ ነው፤ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ደግሞ አንድ ሰው ወይም አንድ ፋብሪካ አይደለም። ከጫካው ሥር ያሉት ትንንሽ ወርክሾፖች ግንዱን በልክ ቆርጠው፣ ሰንጥቀው፣ ልጠው፣ ስንጣቂውን ብቻ ያስረክባሉ። ሌላው ይቀቅላል፣ ያደርቃል። ሌላው ያጣብቃል። ከተማ ያለው ፋብሪካ የተዘጋጀ ዕቃ ተቀብሎ ይጨርሳል።

የጥርባውን ባለሙያ አስቡት። ይቆርጣል፣ ይሸከማል፣ ይሰነጥቃል፣ ይልጣል፣ ይሠራል፣ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ስድስቱን ሥራ አንድ ሰው ይሠራዋል። ፈጣን ሁን ቢሉት የት ላይ ይፍጠን? የሚጥለው ውስጠኛው ክፍል፣ አንጂ ቢሆን ኖሮ የሌላ ሰው እንጀራ ነበር። የአዊ ቀርቀሃ ዋጋ ያነሰው እጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ አጠገቡ ተቀባይ ስለሌለው ነው።

ስለዚህ ወደዚያ የባሕር ዳርቻ የሚሄድ ቡድን ትልቁን ፋብሪካ አይቶ ቢመለስ ያየው መጨረሻውን ብቻ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ማሽኑ ያስደንቃል፤ «የእኛ አቅም አይፈቅድም» የሚል ሪፖርትም ይወልዳል። አቅማችን የሚፈቅደው ከፋብሪካው በፊት ባለው መንደር ውስጥ ነው፤ የሦስትና የአራት ሰው ወርክሾፕ፣ አንድ መሰንጠቂያ ብረት፣ አንድ የመቀቀያ በርሜል፣ ጥላ ያለው የማድረቂያ መደርደሪያ።

ማን ሄደ? ማን ቀረ?

ኢንባር እ.ኤ.አ. በ1997 በቤጂንግ ሲቋቋም ጀምሮ ሥልጠናና ጉብኝት ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነው። ኢትዮጵያ አባል ናት፤ የምሥራቅ አፍሪካ ቢሮውም አዲስ አበባ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት (ዩኒዶ) የምሥራቅ አፍሪካ የቀርቀሃ ፕሮጀክትን በኢትዮጵያና በኬንያ አካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ኔዘርላንድስና ቻይና የሚሳተፉበት፣ ኢንባር የሚመራው ፕሮግራም በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ተጀመረ። አገሪቱም ከ2019 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የቀርቀሃ ልማት ስትራቴጂና የድርጊት መርሐ ግብር አላት። ወረቀቱ ሞልቷል ማለት ነው። ጉዞውም አልጎደለም።

የጎደለው የተጓዡ ምርጫ ነው። የቻይና መንግሥት ወጪውን የሚሸፍናቸው ሥልጠናዎች ባብዛኛው የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚጋበዙትም በየአገሩ መሥሪያ ቤቶች በኩል ነው። ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚወጣው ስም የኃላፊው ነው፤ ቀጥሎ የባለሙያው፤ ቀጥሎ የተመራማሪው። ተመራማሪው መሄዱ ተገቢ ነው፤ የነቀዙን ጠባይ፣ የሥሩን አካሄድ የሚያጠና ሰው ያስፈልጋል። እዚያ ያለው ሞሶ የተባለው ቀርቀሃ ሥሩ በመሬት ውስጥ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ነው፤ የእኛው የደጋ ቀርቀሃ አበቃቀሉ ከዚያ ይለያል። አተካከሉን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት ኪሳራ እንደሆነ ተመራማሪው ይነግረናል። ነገር ግን ስንጥቁ አንጓ ላይ ለምን እንደሚጣመም የሚጠይቅ ሰው በቡድኑ ውስጥ ከሌለ፣ እዚያ ያለው አንጋፋ ቻይናዊ ባለሙያ የሚያውቀውን ለማን ይናገር? ሁለት ሰንጣቂዎች ፊት ለፊት ቢቀመጡ ቋንቋ ብዙም አያግዳቸውም። አንዱ ይሰነጥቃል፣ ሌላው ያያል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ።

ጋሼን «ቢወስዱዎት ምን ይጠይቃሉ?» አልኳቸው። ለማሰብ ጊዜ አልወሰዱም፤ «ነቀዙን» አሉ። «ወንበሩ ያምራል፤ ነቀዙ ነው ስማችንን የሚያጠፋው። እነሱ ምን እንደሚያደርጉት ቆሜ ባይ እወዳለሁ።»

ጥያቄያቸው ከብዙ የጉብኝት መርሐ ግብር የተሻለ ነው። መልሱም ግማሹ እዚሁ አገራችን አለ። ነቀዝ የሚመጣው ግንዱ ውስጥ ያለውን ስታርች ፈልጎ ነው። የስታርቹ መጠን እንደ መቁረጫው ወቅት ይለያያል። ወንዝ ውስጥ ለሳምንታት የተዘፈዘፈ ደግሞ ስታርቹ ታጥቦ ይወጣለታል። ጭስ የጠጣ አይነቀዝም፤ የአሮጌ ጎጆ ጣሪያን የሚያፈርስ ሰው ከምድጃው በላይ የነበረውን ቀርቀሃ ጠቁሮ፣ ጠንክሮ፣ ደህና ሆኖ ያገኘዋል። ዠጂያንግ ላይ የተጨመረው ነገር መቀቀሉ፣ በእንፋሎት ማብሰሉና የቦራክስና የቦሪክ አሲድ ውሕድ ውስጥ መንከሩ ነው። የእኛን አውቆ የሄደ ሰው የእነርሱን በአንድ ቀን ይረዳዋል። ሳያውቅ የሄደ ግን ሁሉም አዲስ ይሆንበትና የትኛውን ይዞ እንደሚመለስ ይቸገራል።

በዓለም ላይ የቡድን ልውውጥን በወጉ ካደራጁት አንዱ ዓለም አቀፉ የሮታሪ ክበብ ነበር። ከ1965 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ባካሄደው ፕሮግራም አንድ መሪና ጥቂት ወጣት ባለሙያዎች፣ ራሳቸው የሮታሪ አባል ያልሆኑ፣ ለአራት ለአምስት ሳምንት ወደ ሌላ አገር ይላኩ ነበር። ሆቴል አያርፉም፤ በቤተሰብ ቤት ያድራሉ። ሁሉም ተያይዞ አንድ ቦታ አይውልም፤ ነርሷ ወደ ሆስፒታል፣ መምህሩ ወደ ትምህርት ቤት፣ ግንበኛው ወደ ግንባታ ቦታ፣ እያንዳንዱ ከሙያ አቻው ጋር የሚውልበት ቀን ይመደብለታል። ከዚያም የተቀባዩ ወገን ቡድን በተራው ይመጣል። በኋላ ፕሮግራሙ የሙያ ሥልጠና ቡድን በሚባል ተተካ፤ ይኸኛው ቡድን አንድ የተለየ ሙያ ሊያስተምር ወይም ሊማር ታቅዶ የሚሄድ ነው። እኛ አገር «የልምድ ልውውጥ» እየተባለ በአውቶቡስም በአውሮፕላንም የሚደረገው ጉዞ ከዚህ የሚወስደው ብዙ ነገር አለ። ሁሉም ሰው በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ገለጻ ሲውል የሚገኘው የሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው።

ከራሳችን ታሪክም ምሳሌ አለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ልዑካን መርተው በጅቡቲ በኩል በመርከብ ጃፓን ሲሄዱ፣ ፋብሪካውንም ትምህርት ቤቱንም ተዘዋውረው አዩ። ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ያዩትን ለራሳቸውና ለላካቸው መንግሥት ብቻ አላስቀሩትም፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ እንዲያየው አደረጉ። ዛሬ ከሃንግዡ የሚመለሱት ባለሙያዎቻችን የሚጽፉት ሪፖርት ስንት የቀርቀሃ ባለጓሮ አንብቦታል? ብዙዎቹ ትጉህ ሰዎች ናቸው፤ ያዩትን ለማካፈል ይጓጓሉ። ግን ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ያው ቢሮ፣ ያው ወንበር፣ ያው የሪፖርት ቅጽ ነው። ሥልጠናውን ወደ መንደር የሚያወርድ በጀት አብሮ ካልተያዘ ዕውቀቱ በግለሰቡ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል፤ እርሱ መሥሪያ ቤት ሲቀይር አብሮ ይሄዳል።

ዲከረንስ ያስተማረን

ለምን ይህን ያህል ስለ ቀርቀሃ እጨነቃለሁ? አዊ በቅርቡ ከባድ ትምህርት ስላገኘ ነው። ፋግታ ለኮማ ላይ ዲከረንስ የተባለው ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር አገሩን ለወጠው። አርሶ አደሩ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ መሬቱን እንደገና ያርሰዋል። የተራቆተ ኮረብታ ለመለመ፤ ሣር ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፤ ከሰል የጫነ መኪና ከአዲስ ቅዳም ከተማ በየዕለቱ ይወጣ ነበር። ይህን ማንም ውጭ አገር ሄዶ አልተማረውም። ጎረቤት ከጎረቤት አየ፤ አየና ተከለ። ከሌላ አካባቢ የመጡ የልምድ ልውውጥ ቡድኖችም አዊ ድረስ መጥተው ተማሩበት።

ከዚያ ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ መጣ። ቅጠሉን አጠወለገው፣ ችግኙን ገደለው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚተማመንበት ሀብት ተናጋ። አንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ እንዲህ ነው። ቀርቀሃው ያን ጊዜም በየጓሮው ነበር፤ አሁንም አለ። ዲከረንስን ይተካል አልልም። ግን አጠገቡ ሊቆም የሚችል ሁለተኛ እግር ነው፤ አንዴ ከተተከለ በየዓመቱ እየተመረጠ ይቆረጣል እንጂ እንደ ዲከረንስ ከሥሩ ተነቅሎ እንደገና አይጀመርም። የአባይ ገባሮች በሚነሡበት ተዳፋት አገር ላይ አፈሩን ጨብጦ የሚይዝ ሥር መኖሩ ደግሞ ከገንዘቡ አይተናነስም።

የዲከረንስ ታሪክ ስለ ጉዞም የሚነግረን ነገር አለ። ቅርብ ያለው ልምድ ቶሎ ይዛመታል። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ከመሄድ በፊት ወደ ጎረቤት መውረድ ይቀድማል። ቻይና በቆርቆሮ አሽጋ የምትሸጠውን ቡቃያ የመተከልና የአሶሳ ወገኖቻችን ክረምት በመጣ ቁጥር ሠርተው ይበሉታል፤ ደጋው ላይ ግን እምብዛም አይበላም። ከእንጅባራ ወደ መተከል መውረድ ከሃንግዡ ጉዞ ጋር ሲተያይ ወጪው ኢምንት ነው። በሰላሙ ጊዜ ማለቴ ነው፤ በአካባቢው ባለፉት ዓመታት የደረሰው ግጭት፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ውስጥ የቀጠለው፣ መንገዱንም ገበያውንም ጎድቶታል። የመንገድ ዳር ወንበር ሻጩ የሚኖረው በሚያልፈው መኪና ነው።

ጉዞው እንዴት ቢሆን?

ወቅቱን ማወቅ የመጀመሪያው ነው። የሞሶ ቡቃያ የሚወጣው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። የትኛው ቡቃያ ለምግብ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ለግንድነት እንደሚተው የሚታየው በእነዚያ ሳምንታት ብቻ ነው። የእኛ ቡቃያ የሚወጣው በክረምት ነው። ስለዚህ በሚያዝያ ያየው ሰው ተመልሶ በዚያው ዓመት ክረምት ጓሮው ላይ ሊሞክረው ይችላል፤ ሳይረሳው። በኅዳር የሄደ ቡድን አዳራሽና ፋብሪካ ያያል እንጂ ይህን አያይም።

የቡድኑ አባላት ስምንት ቢሆኑ አራቱ ካራ የሚይዙ፣ አንዱ ብረት ሠሪ፣ አንዱ ወንበር ነጋዴ፣ አንዱ ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከደን ምርምር የመጣ ባለሙያ፣ አንዱ አስተርጓሚ ቢሆን ጥሩ ነው እላለሁ። ብረት ሠሪው ለምን? የመሰንጠቂያው ብረት ልክ ስለሚለያይ ነው። የእነርሱ ሞሶ ወፍራም ነው፤ የእኛ ግንድ ቀጠን ስለሚል ከዚያ የተገዛ ብረት እዚህ ላይገጥም ይችላል። ዓይቶ፣ ለክቶ፣ መልሶ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ነጋዴውስ? ተቀባይ በሌለበት ስንጣቂ ቢከመር ዋጋ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ የቀርቀሃ ወለልና መጋረጃ ለማምረት የሞከሩ ድርጅቶች አሉ፤ ምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስቴኪኒ ግን ብዙውን ጊዜ ከቻይና ይመጣል። ማን፣ በምን ልክ፣ በምን ዋጋ ይገዛል የሚለውን ከፋብሪካ ባለቤት ጋር ቁጭ ብሎ የሚጠይቀው እርሱ ነው።

ተጓዦቹ የራሳቸውን ግንድ ይዘው ቢሄዱ ደግሞ ሌላ ነው። የአዊን ቀርቀሃ ደርቆ፣ በሕግ የሚጠየቀውን የዕፅዋት ጤና ፈቃድ አሟልቶ፣ አንድ ክንድ ያህሉን። «ይህን እንዴት ትሰነጥቁታላችሁ?» ብሎ ለማስጀመር ከዚያ የተሻለ የለም። የሚያውቁት ሞሶን ስለሆነ እነርሱም ይማሩበታል።

መልሱ ጉዞም መታሰብ አለበት። የዠጂያንግ ባለሙያዎች አዊ ይምጡ፤ በጥር ይምጡ። ጥር ደረቅ ወር ነው፤ መቁረጫ ወቅት ነው። ጥር 23 ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን እንጅባራ ላይ የሚያከብርበት ቀን ነው፤ ፈረሱ በጌጥ፣ ፈረሰኛው በወግ ለብሶ የሚወጣበት። እንግዳው ዘንገናንና ጥርባን፣ እሳተ ገሞራ ቆፍሮ የተዋቸውን ሁለቱን ሐይቆች ያያል፤ ማታ በገበሬ ቤት ያድራል፤ ጠዋት ጓሮ ገብቶ ከባለቤቱ ጋር ይቆርጣል። የሚማረውን ከባለሙያው እጅ ላይ ያያል፤ የሚያስተምረውም እዚሁ ይቀራል።

ለእነዚህ ጉዞዎች ስም ዝርዝር የምታዘጋጁ፣ በዞንም በክልልም በፌዴራልም ያላችሁ ወገኖች፦ በሚቀጥለው ዝርዝር ላይ የአንድ ቀርቀሃ ሰንጣቂ ስም ይግባ። ፓስፖርት ከሌለው አውጡለት፤ እንግሊዝኛ ካልቻለ አስተርጓሚ መድቡለት። እንግዳ ተቀባዩ ወገን «ከመሥሪያ ቤት ብቻ ነው የምንቀበለው» ካለ በደብዳቤ ተከራከሩለት። ተመልሶ ሲመጣም ወደ ቢሮ አትጥሩት፤ አንድ በርሜል፣ አንድ መሰንጠቂያ ብረትና አምስት ወጣቶች ስጡትና በጓሮው ያስተምር።